የልጃችሁን ኮች ታውቁታላችሁ?

በሰሜን አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ጁላይ ሲደርስ ለኳስ ይሰበሰባል። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ከተመሠረተ ወዲህ ይህ ልማድ ሆኗል። ሰው ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። አንድም ጨዋታ በቅጡ ሳያይ የሚመለስ ብዙ ነው። የሄደው ሰው ፍለጋ ነዋ። የሰፈሩን ልጅ፣ አብሮት የተማረውን፣ በስደት አብሮት የተንከራተተውን ያገኛል። ሜዳ ሰው እንደሚያገናኝ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ያው አባት ግን ልጁ ለሃይስኩሏ ስትሮጥ የሚያሠለጥናት ሰው ማን እንደሆነ አያውቅም። ስሙንም አልሰማም። ልጅቷ ሜዳሊያ ይዛ ስትመጣ ደስ ይለዋል፤ የት እንዳገኘችው ግን ግራ ይገባዋል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ማታ ታክሲ የሚነዳ ወይም ሆስፒታል የሌሊት ሺፍት የሚገባ ሰው ትምህርት እንዳለቀ ሜዳ ዳር ሊቆም አይችልም። ሥርዓቱም እንግዳ ነው። ብዙዎቻችን ባደግንበት ትምህርት ቤት ስፖርት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነበር። ኳስ የሰፈር ነገር ነበር፤ ወላጅ የሚጠራበት ጉዳይ አልነበረም።

እኔ ግን ነገሩ በጣም ያሳስበኛል። የሃይስኩል ቡድን የስደተኛ ቤተሰብ ወደሚኖርበት ከተማ የሚገባበት በጣም ሰፊ በር ነው ብዬ አምናለሁ። በሩ ላይ የቆመው ኮቹ ነው። እኛ በሩ መኖሩን ሳናውቅ ደግሞ እየጠበበ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በአብዛኛው ዓለም ወጣት የሚጫወተው በክለብ ነው። አሜሪካ ግን ስፖርቱን ትምህርት ቤት ውስጥ አስገባችው። የሃይስኩል ስፖርት ማኅበራትን የሚያስተባብረው ብሔራዊ ፌዴሬሽን በ1920 ነው የተመሠረተው። ዛሬ በየዓመቱ የሚመዘገበው ተሳትፎ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው። ዓመቱ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር በሦስት ሲዝን ይከፈላል፤ በልግ (ፎል)፣ ክረምት (ዊንተር)፣ ጸደይ (ስፕሪንግ)። አንድ ልጅ ከፈለገ በሦስቱም ሊጫወት ይችላል።

ኮቹ ብዙ ጊዜ እዚያው የሚያስተምር መምህር ነው። ቀን ሒሳብ ወይም ታሪክ ያስተምራል፤ ደወል ሲደወል ፊሽካውን ያንጠለጥላል። በቴክሳስ በትልልቅ ትምህርት ቤቶች የአሜሪካን ፉትቦል (በእጅ የሚያዘው ኳስ) ኮች ዳጎስ ያለ ደሞዝ ይበላል። እንደዚያ ያለው ግን ጥቂት ነው። ብዙው ከመምህርነቱ ደሞዝ በተጨማሪ ለሲዝኑ የሚከፈለው ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። ልምምዱን፣ የአውቶቡስ ጉዞውን፣ ቅዳሜውን፣ ከወላጅ ጋር የሚጻጻፈውን ኢሜይል ብትደምሩት ለሰዓት የሚደርሰው ኢምንት ነው። ለገንዘብ ብሎ የሚሠራው የለም ማለት ይቻላል።

እስቲ ሰዓቱን አስቡት። ልምምድ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ አንዳንዴ ስድስት። በሲዝኑ ወቅት ኮቹ ልጁን ነቅቶ የሚያይበት ጊዜ፣ የማታ ሥራ ያለው አባት ከሚያይበት ይበልጣል። ጫማው ማለቁን ያያል። ምሳ አለመብላቱን ያያል። ከጓደኞቹ መራቁን፣ ዝም ማለቱን ያያል። ልጃችሁን ይህን ያህል የሚያይ ሰው ስም አለማወቅ ትልቅ ክፍተት ነው።

አንድ ከተማ ላንሳ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት፣ የከተማው ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያቸውን በአማርኛም የሚያወጡበት ከተማ ነው። እዚያ ልጅ ካላችሁ በ1971 የሆነውን ማወቅ አለባችሁ።

በዚያ ዓመት ከተማው የሦስት ሃይስኩል ከፍተኛ ክፍሎችን በአንድ ትምህርት ቤት ጠቀለለ። ነጭና ጥቁር ተማሪዎች አንድ ላይ ሆኑ። የፉትቦሉን ቡድን ማን ይምራ የሚለው የከተማው ጥያቄ ሆነ። ቢል ዮስት የሚባለው ነጭ አሰልጣኝ በአንዱ ትምህርት ቤት ዋና ኮች ሆኖ የሠራ፣ ብዙዎች የሚወዱት ሰው ነበር። ኃላፊነቱ ግን ከሰሜን ካሮላይና ለመጣው ጥቁር አሰልጣኝ ለኸርማን ቡን ተሰጠ። ዮስት ትቶ መሄድ ይችል ነበር። ምክትል ሆኖ ቆየ። ቡድኑ ጌቲስበርግ ካምፕ ገባ፤ ነጩም ጥቁሩም አብሮ አደረ፣ አብሮ በላ። ያን ዓመት አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ 13ቱንም አሸንፎ፣ የግዛቱ ሻምፒዮን ሆነ።

ታሪኩ ለፊልም በቅቷል፤ ፊልም ደግሞ ማጋነን ይወዳል። አንድ ቡድን ዘረኝነትን ከከተማ አያጠፋም። ያልተጋነነው ነገር ግን በቂ ነው። አንድ ስታንድ ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ወላጆች ለአንድ ቡድን ጮኹ። የሌላውን ልጅ በስሙ ጠሩ። የዚያን ጊዜ ሁለቱ ሃይስኩሎች፣ ሃመንድና ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ዛሬ ሚድል ስኩል ናቸው። የእኛ ልጆች ይማሩባቸዋል። ሁሉም የተጠቀለሉበት ትልቁ ሃይስኩልም በ2021 ስሙ ተቀየረ። ቲ ሲ ዊልያምስ ይባል የነበረው የነጭና የጥቁር ተማሪዎችን መቀላቀል በተቃወመ የትምህርት ኃላፊ ስም ነበር። አሁን አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ነው።

ታሪኩ ሌላም ገጽ አለው፤ ፊልሙ ላይ የለም። ቡን በ1979 ከኮችነቱ ተነሳ። ተጫዋቾችን ያንገላታል የሚል ቅሬታ ቀርቦበት ምርመራ ተደርጓል። ከረዳቶቹም ጋር ተጣልቶ ነበር። ይህን የማነሳው የሰውየውን ስም ለማጉደፍ አይደለም፤ ከተማዋ እስከ ዛሬ ታከብረዋለች። ግን ኮች በልጅ ላይ ትልቅ ሥልጣን አለው። ያ ሥልጣን ከወላጅ ዓይን ሲርቅ፣ ጥሩ የሚባለው ሰው እጅ ውስጥ ሆኖም ሊበላሽ ይችላል። በእኛ ባህል መምህር ይከበራል፤ አይጠየቅም። እዚህ አገር ማክበርም መጠየቅም አብሮ ይሄዳል። ልጃችሁ ከጉዳት ጋር እንዲጫወት ከተገፋ፣ ከተሰደበ፣ ብቻውን ከኮቹ ጋር ሆኖ መልእክት የሚለዋወጥ ከሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጭንቅላት መመታት ላይማ ሕጉ ግልጽ ነው። የዋሽንግተን ግዛት በ2009 የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁሉም ግዛቶች ተከተሏት። ጭንቅላቱ ተመቶ የተጠረጠረ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። የሚመለሰው የሕክምና ባለሙያ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በየዓመቱ የምትፈርሙት ወረቀት ይህንን ነው የሚለው። ሳታነቡ አትፈርሙ።

አሁን ብዙ ቤተሰብ ወደሚጎዳበት ነገር ልምጣ። ደንቡን።

በቨርጂኒያ የሃይስኩል ሊግ ደንብ መሠረት፣ አንድ ተማሪ ከኦገስት 1 በፊት ወይም በዕለቱ 19 ዓመት ከሞላው በዚያ የትምህርት ዓመት መጫወት አይችልም። ከኢትዮጵያ በ16 ወይም በ17 ዓመቱ መጥቶ ዘጠነኛ ክፍል የተመደበ ልጅን አስቡ። እንግሊዝኛውን እስኪለምድ አንድ ዓመት ያልፋል። ሜዳውን አግኝቶ ጎበዝ ሲሆን ዕድሜው አልፏል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚቆጠር የስምንት ሴሚስተር ገደብም አለ። ሰዓቱ የሚቆጥረው ልጁ ተጫወተም አልተጫወተም ነው። ለዚህ ነው ዘግይቶ ለመጣ ልጅ “መጀመሪያ ትምህርቱን ይልመድ፣ ከዚያ ይጫወታል” የሚለው ምክር የማይሠራው። ከዚያ የሚባል ጊዜ ላይኖረው ይችላል። ደግሞም ቋንቋውን ቶሎ የሚለምደው እዚያው ቡድኑ ውስጥ ነው። ሜዳ ላይ “እለፍ”፣ “ዙር”፣ “ከኋላህ” ይባላል፤ ሰዋስው ማንም አይጠይቀውም። አውቶቡስ ውስጥ ይቀልዱበታል፣ ይቀልዳል። በሁለተኛው ወር ምሳ የሚበላበት ጠረጴዛ ያገኛል። ይህንን አንድ ክፍል ውስጥ ያለ የእንግሊዝኛ መምህር ብቻውን ሊሰጠው አይችልም።

ሌላው ዝውውር ነው። የቤት ኪራይ ሲጨምር ከአንዱ አፓርታማ ወደ ሌላው እንሄዳለን። ቤተሰቡ በሙሉ በትክክል ቤት ከቀየረ ችግር የለም። ወላጅ ቤት ሳይቀይር ልጁን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ካዛወረ ግን ልጁ እስከ አንድ ዓመት ሊታገድ ይችላል። የአጎቱን አድራሻ ሰጥቶ ማስመዝገብ ደግሞ ከተደረሰበት ልጁን ብቻ ሳይሆን ቡድኑንም ይጎዳል፤ ያሸነፉት ጨዋታ ይሰረዛል። ትምህርት ቤት ከመቀየራችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ስፖርት የሚመራውን አትሌቲክ ዳይሬክተር ጠይቁ። አንድ ስልክ ነው።

ሦስተኛው ውጤት ነው። ለመጫወት ባለፈው ሴሚስተር ቢያንስ አምስት ትምህርት ማለፍ ግድ ነው። “ኳስ ትምህርት ያስጥላል” ለሚል ወላጅ መልሱ እዚህ አለ። የሃይስኩል ስፖርት ከክለብ የሚለየው በዚህ ነው፤ ትምህርቱን የጣለ ሜዳውንም ያጣል። ጎበዝ ኮች ከደንቡም በላይ ይሄዳል። ውጤት የወረደበትን ልጅ ከልምምድ በፊት የጥናት ክፍል ያስገባዋል፣ መምህሩን ሄዶ ያነጋግራል። ወላጅ ያን ኢሜይል ለመጻፍ እንግሊዝኛው የሚከብደው ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የልጁ ጠበቃ ኮቹ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው ሕልምም ያስፈራኛል። “ስኮላርሺፕ ያገኛል” ብለው ልጃቸውን የሚያስጨንቁ አሉ። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ራሱ የሚለው ግልጽ ነው። ከሃይስኩል ስፖርተኞች ውስጥ ኮሌጅ ገብቶ የሚጫወተው 7 በመቶ አካባቢ ነው። ወደ ዲቪዥን አንድ፣ ወደ ከፍተኛው ምድብ፣ የሚደርሰው 2 በመቶ ገደማ ነው። ዲቪዥን ሦስት ጭራሽ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ስለዚህ ልጁ የሚጫወተው ለክፍያ ከሆነ ከመቶ ቢያንስ ዘጠና ሦስቱ ከስረዋል ማለት ነው። አልከሰሩም። ያገኙት ሌላ ነገር ነው።

ሴት ልጆቻችንን በተመለከተ ብዙ የሚባል አለ። በ1972 ታይትል ናይን የሚባለው፣ በትምህርት ቤት የጾታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ሲወጣ በመላው አሜሪካ ሃይስኩል ውስጥ የሚጫወቱት ሴቶች ወደ 294 ሺህ ነበሩ። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሕግ በሩን ከፈተ። በእኛ ቤት ግን ሌላ መዝጊያ አለ። ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት የምትቀበለው እሷ ናት። እናቷ ከሥራ እስክትመጣ ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። ወንድሟ “ልምምድ አለኝ” ሲል ይፈቀድለታል። እሷ ስትል “ደሞ የምን ሩጫ?” ይባላል። ከደራርቱና ከጥሩነሽ አገር የመጣን ሰዎች ይህን ስንል ያሳዝናል። ቤቱ የእሷን ሁለት ሰዓት በእውነት የሚፈልግ ከሆነ፣ ከኮቹ ጋር ተነጋግሮ በሳምንት ሁለት ቀን ቀደም ብላ እንድትወጣ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ኮች ይስማማል። የሚያበሳጨው ሳይነገረው ስትቀር ነው።

የሃይማኖት ነገርም እንዲሁ ነው። በ2017 ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ተማሪ ሂጃብ በመልበሷ ከቅርጫት ኳስ ጨዋታ ውጭ ተቀመጠች፤ ደንቡ ቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊው ፌዴሬሽን በተለያዩ ስፖርቶች ያንን ፈቃድ አስቀርቷል። ስለዚህ ሂጃብ ምክንያት መሆኑ አብቅቷል። ጾም ግን የደንብ ጉዳይ አይደለም፤ የሚያውቀውም የለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የሚውለውም በክረምቱ ሲዝን መጨረሻና በጸደዩ የትራክ ሲዝን መጀመሪያ ላይ ነው። ልጁ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አይበላም። አንዳንዱ እስከ ከሰዓት ምንም አይቀምስም። ኮቹ የሚያየው ባለፈው ወር ጥሩ ይሮጥ የነበረ ልጅ አሁን እግሩ ሲከብድበት ነው። ሰነፈ ብሎ ይደመድማል። ልጁም አፍሮ አይናገርም። ረመዳን ላይ ያለ ልጅም ያው ነው። ሦስት መስመር ኢሜይል ይህን ይፈታል፤ ኮቹ ልምምዱን ያቀልለታል፣ ሽሮውንና ምስሩን በየትኛው ሰዓት እንደሚበላ አብሮ ያስብለታል።

በሩ እየጠበበ ነው ያልኩት በገንዘብ ምክንያት ነው። አስፐን የተባለው ተቋም ባደረገው ጥናት በ2024 አንድ ቤተሰብ ለአንድ ልጅ ዋና ስፖርት በአማካይ 1,016 ዶላር አውጥቷል። ከ2019 ጋር ሲነጻጸር 46 በመቶ ጨምሯል። ይህ አማካይ ነው። የሚጓዝ የሶከር ወይም የቮሊቦል ክለብ ውስጥ ያለ ልጅ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ይፈጃል። ውድድሩም ብዙ ጊዜ እሑድ ነው፤ ቅዳሴ በሰዓቱ። የሃይስኩል ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ እሑድ አይደረግም። ይህን ብቻ ብታዩ ለእኛ የሚስማማው የቱ እንደሆነ ይገባችኋል።

ችግሩ ክለቡ ሃይስኩሉንም መብላቱ ነው። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በግል አሰልጣኝ ያደገ ልጅ ትራይአውት (የቡድን መምረጫ ልምምድ) ላይ ሲመጣ፣ ሰፈር ውስጥ በጂንስ ሱሪ ኳስ ያንከባለለው የእኛ ልጅ ቦታ ያጣል። ሶከር፣ ቅርጫት ኳስ፣ ቮሊቦል ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ግዛቶችም እኩል አይደሉም። በቴክሳስ አለን የምትባል ከተማ በ2012 ለአንድ ሃይስኩል 60 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ፣ 18 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ከፍታለች። ሌላ ቦታ ማልያ ለመግዛት ልጆች ቸኮሌት ይሸጣሉ።

ያልተዘጉ ቦታዎች ግን አሉ። አገር አቋራጭና ትራክ በአብዛኛው ማንንም አይጥሉም፤ የመጣ ሁሉ ይሮጣል። ትግልም ብዙ ቦታ እንደዚያው ነው። አሌክሳንድሪያ ደግሞ የቀዘፋ ቡድን አላት፤ ትምህርት ቤቱ የራሱ የጀልባ ቤት አለው። ቀዘፋ ከልጅነት የሚጀመር አይደለም። ብዙው ሃይስኩል ገብቶ ነው የሚማረው፤ ስለዚህ ሐበሻውም ሌላውም ከዜሮ ይነሳል። የእኛ ወላጅ “ውሃ ላይ? በጭራሽ” ይላል፤ ይገባኛል። መዋኘት መቻሉን አረጋግጣችሁ ፍቀዱለት።

ኮቾችም እየሸሹ ነው። በዋናነት የሚያባርራቸው የወላጅ ጩኸት ነው። ልጄ ለምን አልተሰለፈም የሚል ስድብ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚላክ መልእክት። ዳኞችን እዩ። ከ2018 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የሃይስኩል ዳኞች ሥራውን ትተዋል ይላል ፌዴሬሽኑ። ዳኛ ጠፍቶ ጨዋታ የሚሰረዝበት ቦታ አለ። በዚህ በኩል የሐበሻ ወላጅ ጥፋት የለበትም። እኛ ስታንድ ላይ አንጮህም፤ ስታንድ ላይ የለንም።

ብንኖር ደግሞ ብዙ የምንሰጠው አለን። በየቡድኑ ጀርባ ቡስተር ክለብ የሚባል የወላጆች ማኅበር አለ። ገንዘብ ያሰባስባል፣ በጨዋታ ቀን ምግብ ይሸጣል፣ የመጨረሻውን እራት ያዘጋጃል፣ አቅም ለሌለው ልጅ ጫማ ይገዛል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለቅሶ ሲሆን በአንድ ሌሊት ለ200 ሰው ምግብ የሚያደርስ፣ ዕቁብ ሳያዛባ ለዓመታት የሚያስኬድ ሕዝብ ነን። ሳምቡሳ ይዛችሁ አንድ ቀን ብቅ በሉ፤ ስማችሁን የሚያውቅ ሰው በዚያ ምሽት ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚገርም ነገር ይመጣል። ልጃችሁን ከልምምድ የሚያደርስላችሁ ጎረቤት፣ የሥራ ማስታወቂያ የሚነግራችሁ፣ የትምህርት ቦርድ ምርጫ ላይ ድምፃችሁን የሚጠይቃችሁ ሰው። የአሜሪካ ከተማ የሚወስነው ብዙ ነገር እዚያ ስታንድ ላይ ይወራል። አሌክሳንድሪያ ራሷ በስታዲየሙ መብራት ላይ ለዓመታት ተከራክራለች። በ60ዎቹ ለትምህርት ቤቱ መሬታቸውን የለቀቁ ጥቁር ቤተሰቦች መብራት አይተከልም ተብሎ ቃል ተገብቶልን ነበር አሉ። ሌሎች ወላጆች ደግሞ ከሥራ መልስ ልጆቻችንን የምናየው ማታ ሲሆን ነው አሉ። በመጨረሻ ምክር ቤቱ ፈቀደ። ማታ እንጂ ቀን ጨዋታ ማየት የማይችለው የእኛ ወላጅ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተው ነበር።

አንድ መምህር ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት መብ ክፍለዝጊን ማስታወስ ይበቃል። አሥመራ ተወልዶ በ1987 በልጅነቱ ሳንዲያጎ የገባ ኤርትራዊ ነው። ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድ ማይል በ5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሮጠ። የስፖርት መምህሩ ዲክ ሎርድ ነገሩን እንዲሁ አላለፈውም፤ ኦሎምፒክ ትደርሳለህ አለው። ለሃይስኩሉ አሰልጣኝም ደወለለት። መብ በ2004 አቴንስ ላይ በማራቶን የብር ሜዳሊያ አገኘ፤ በ2014 ቦስተንን አሸነፈ። ልጆቻችን ሁሉ መብ አይሆኑም፤ መሆንም የለባቸውም። ግን ያ መምህር ያንን ስልክ ሲደውል ልጁን በስሙ ያውቀው ነበር።

የበልጉ ሲዝን ልምምድ የሚጀመረው በጁላይ መጨረሻና በኦገስት መጀመሪያ ነው። ትምህርት እስኪከፈት የጠበቀ አምልጦታል። በቨርጂኒያ የሕክምና ምርመራ ፎርሙ ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት፤ ያለዚያ ልጁ ትራይአውት ላይ አይቆምም። ሲዝኑ ሲጀመር ኮቹ የወላጆች ስብሰባ ይጠራል። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ለትምህርት ቤቱ ንገሩ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ወላጅን በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት፤ ክፍያ አይጠየቅም፣ ልጃችሁም እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም።